ማሪያ ፕሪማቼንኮ፦ "ያልተማረች ገበሬ" የሚባለው ምን ያህል እውነት ነው?

የቅዳሜ ቀለም፦

ሰላም ለሁላችሁ። አንድ ነገር አጣሩልኝ። ቅዳሜ ቅዳሜ ሰፈራችን ውስጥ ለልጆች ሥዕል አስተምራለሁ። ከ8 እስከ 12 ዓመት ያሉ 14 ልጆች ናቸው። ለሚቀጥለው ቅዳሜ የዩክሬኗን ሠዓሊ የማሪያ ፕሪማቼንኮን ሥራዎች ላሳያቸው እየተዘጋጀሁ ነው። ምስሎቹን በቀለም አሳትሜ መጣሁ። አንዱን ገና ጠረጴዛ ላይ ስዘረጋው የራሴ ልጅ መጥታ ከእጄ ነጠቀችኝ። አንበሳ ይመስላል፣ ግን አንበሳ አይደለም። ሰውነቱ ላይ አበባ ሞልቷል። ዓይኑ ደግሞ የሰው ዓይን ነው፣ ሽፋሽፍት ሁሉ አለው።

የቸገረኝ ታሪኳ ነው። በቴሌግራም አንድ ፖስት ደርሶኝ ነበር፣ ብዙ ሰው ሼር ያደረገው። እንዲህ ይላል፦ ፊደል ያልቆጠረች ገበሬ ነበረች፣ ማንም ሳያውቃት ኖራ ሞተች፣ ፒካሶ ሥዕሏን አይቶ ተንበረከከ፣ በ2022 ጦርነቱ ሲጀመር ሥዕሎቿ በሙሉ ተቃጠሉ፣ አንድም አልተረፈም። አንብቤ እንባዬ መጣ፣ እውነቴን ነው። ለአንዲት ጓደኛዬ ስልክላት ግን "ግማሹ ልክ አይደለም" አለችኝ። የቱ ግማሽ እንደሆነ አልነገረችኝም። የተወለደችበት ዓመት እንኳን አንዱ ጋ 1908፣ ሌላው ጋ 1909 ይላል፣ ሁለቱም በፈረንጅ አቆጣጠር።

ልጆች አንዴ የሰሙትን ነገር አይለቁም። የተሳሳተ ነግሬያቸው በኋላ ላርም ብል አልችልም። የምታውቁ ካላችሁ እባካችሁ ንገሩኝ። እንስሶቹስ ከዩክሬን ተረት የመጡ ናቸው? "ቲቸር፣ ይሄ ምን የሚባል አውሬ ነው?" እንደሚሉኝ እርግጠኛ ነኝ።

የድሮው ኪየቭ፦

ልጄ፣ ሳታጣሪ ባለማስተማርሽ ደስ ብሎኛል። እኔ በፈረንጆቹ 1980ዎቹ ኪየቭ ነው የተማርኩት፣ ምህንድስና። ያን ጊዜ ከእኛ አገር ብዙ ተማሪ ነበር እዚያ። ፔቸርስክ ላቭራ የሚባለው ትልቁ ገዳም ግቢ ውስጥ የዩክሬን የሕዝብ ጥበብ ሙዚየም አለ። መጀመሪያ ያየኋት እዚያ ነው። ውጪው በረዶ ነው፣ ሰማዩ ግራጫ፣ ሰዉ ጥቁር ካፖርት ለብሷል። ከዚያ በር ከፍተሽ ስትገቢ አንድ ደማቅ ቢጫ ወረቀት ላይ ሰማያዊ አውሬ ቆሞ ፊት ለፊት ያይሻል። ከዚያ ክፍል ቶሎ መውጣት አቃተኝ። የአገሬን ፀሐይ ያየሁ መሰለኝ።

ከቃጠሎው ልጀምር፣ በጣም የተዛባው እሱ ስለሆነ። ኢቫንኪቭ ከኪየቭ በስተሰሜን ምዕራብ ያለች ትንሽ ከተማ ናት። የማሪያ መንደር ቦሎትንያ እዚያው አጠገብ ነው። ጦርነቱ በጀመረ በመጀመሪያዎቹ ቀናት፣ በፌብሩዋሪ 2022 መጨረሻ፣ የከተማዋ የታሪክ ሙዚየም ተመትቶ ነደደ። ወዲያው 25 የሚሆኑ ሥራዎቿ አመድ ሆኑ የሚል ዜና ወጣ፣ ዓለምም ተቀባበለው። በኋላ ግን የአካባቢው ሰው ሕንፃው እየነደደ ገብቶ ሥዕሎቿን ማውጣቱ ተሰማ። የመጀመሪያው ዜና ሚሊዮን ጊዜ ሼር ተደርጓል፣ ሁለተኛውን ማን አየው? የሙዚየሙ መቃጠል እውነት ነው፣ ሌላም ብዙ ቅርስ ነበረበት፣ ያሳዝናል። "በሙሉ ተቃጠሉ" የሚለው ግን ከቶ ሊሆን አይችልም። ምክንያቱም ትልቁ ስብስብ፣ 650 ያህል ሥዕል፣ ያለው እኔ ያየሁት የኪየቩ ሙዚየም ውስጥ ነው። ኢቫንኪቭ የነበረው ከዚያ ጋር ሲተያይ ጥቂት ነው።

የልደቷ ነገር ቀላል ነው፣ እኛ ኢትዮጵያውያን ደግሞ ለዚህ አዲስ አይደለንም። ስትወለድ አገሩ ገና በአሮጌው የዩልዮስ አቆጣጠር ነበር። በዚያ አቆጣጠር ዲሴምበር 30፣ 1908 ነው። በአዲሱ ሲቆጠር 13 ቀን ይጨመርና ጃንዋሪ 12፣ 1909 ይሆናል። ቀኑ አንድ ነው። ሁለቱም ልክ ናቸው።

"ማንም ሳያውቃት ሞተች" የሚለው ግን ያናድደኛል። በ1936 ኪየቭ በተደረገው ትልቅ የሕዝብ ጥበብ ኤግዚቢሽን ላይ ሥራዋ ቀርቧል፣ ያኔ 27 ዓመቷ ነው። በ1937 ፓሪስ በተደረገው የዓለም ኤግዚቢሽን ላይ ታይቷል። በ1966 የሼቭቼንኮ ሽልማትን አገኘች፣ ይህ በዩክሬን ትልቁ የጥበብ ሽልማት ነው። በ1997 ስታርፍ 88 ዓመቷ ነበር፣ ስሟን የማያውቅ የትምህርት ቤት ልጅ አልነበረም። ዛሬ ኪየቭ ውስጥ በስሟ የሚጠራ ሰፊ ጎዳና አለ።

አንድ የቋንቋ ነገር ልጨምርልሽ፣ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነው። በ1988 በሩሲያኛ "ናሮድኒ ሁዶዥኒክ" የሚባለው ማዕረግ ተሰጣት። "ሁዶዥኒክ" ማለት ሠዓሊ ነው። "ናሮድኒ" ማለት "የሕዝብ" ማለት ነው፣ ግን ሁለት ቦታ ያገለግላል። አንደኛው የባህል ወይም የመንደር ጥበብ ለማለት ነው። ሁለተኛው መንግሥት ለታላላቅ አርቲስቶች፣ ለኦፔራ ዘፋኝም ለቲያትር ሰውም፣ የሚሰጠው ከፍተኛ ማዕረግ ነው። የእሷ ሁለተኛው ነው። ማዕረጉን ወደ ሌላ ቋንቋ ሲያመጡት "የመንደር ሠዓሊ" አድርገው ቁጭ ይላሉ። የተሾመችበት ቃል መልሶ መናቂያ ሆነባት ማለት ነው።

ናቲ ከአዳማ፦

ጋሼ እናመሰግናለን፣ በጣም ጥሩ ነው የተነተኑት። የፒካሶውን ግን ዘለሉት። እኔ እንግሊዝኛም ሩስኪም ገጽ ላይ አይቼዋለሁ፣ ፓሪስ ላይ ሥዕሏን አይቶ ለዚህች ድንቅ ሴት እሰግዳለሁ አለ ይላል። ይህን ያህል ቦታ ከተጻፈ እንዴት ውሸት ይሆናል? ለልጆቹም ቢነገር ደስ የሚል ነው እኮ።

ብሩሽና ወረቀት፦

ናቲ ወንድሜ፣ ብዙ ቦታ መጻፉ አይደለም ቁም ነገሩ። እኔ ለሥራዬ ብዬ ተከታትዬዋለሁ (የልጆች መጽሐፍ ሥዕል እሠራለሁ)። አንዱ ገጽ ሌላውን ይጠቅሳል፣ ያም ሌላውን። ለማን ተናገረው? በየትኛው ቀን? በየትኛው ጋዜጣ ወጣ? ይህን የሚመልስ ጽሑፍ አንድም ቦታ አላጋጠመኝም። ወሬው እንዴት እንደተወለደ ግን ይገባኛል። በ1937ቱ የፓሪስ ኤግዚቢሽን ላይ ጌርኒካ የሚባለው የፒካሶ ሥዕል በስፔን አዳራሽ ተሰቅሎ ነበር። የማሪያ ሥራም በዚያው ኤግዚቢሽን ላይ ነበር። ሁለቱ አንድ ቦታ መዋላቸው እውነት ነው፣ የቀረውን ሰው ሞላበት። አይቶት ሊሆን ይችላል። ተንበርክኮ ተናገረ የሚለውን ግን ማስረጃ የሌለው ነገር አድርገሽ ተይው።

ሌላም ነገር ያስከፋኛል። አንዲት ሴት ከ60 ዓመት በላይ ስትሥል ኖራ፣ ታላቅነቷን ለማስረዳት የአንድ ወንድ ምስክርነት ለምን ያስፈልጋል? ወረቀቷን ዘርግተሽ ብታሳዪያቸው ይበቃል።

አሁን ወደ "ያልተማረች"። አራት ክፍል ተምራለች። ሕፃን ሳለች ፖሊዮ ያዛትና እግሯን ጎዳት፣ ያኔ ነው ትምህርቱም የተስተጓጎለው። ፊደል ግን ታውቃለች፣ ከሥዕሎቿ ጀርባ የምትጽፈው ራሷ ናት። አባቷ አናጢ፣ እናቷ ጥልፍ ጠላፊ ነበሩ። ማሪያ ራሷም የጀመረችው በጥልፍ ነው። ራሷ ስትናገር፣ ልጅ ሳለች ወንዝ ዳር ዝይ እየጠበቀች አሸዋ ላይ አበባ ትስል ነበር። ከዚያ ሰማያዊ የሚመስል ጭቃ አገኘች። በቀሚሷ አቅፋ ወሰደችና የቤታቸውን ግድግዳ ሣለችበት። ልጆቹ ይህን ይወዱታል፣ ንገሪያቸው።

ግን ታሪኩ እዚያ ቢቆም "ጭቃ የምትቀባ የገጠር ልጅ" ሆና ትቀራለች፣ ስህተቱም የሚጀምረው እዚያ ነው። ቴትያና ፍሎሩ የተባለች የኪየቭ ባለሙያ ሥራዋን አየችና በ1930ዎቹ አጋማሽ ወደ ኪየቭ አስመጣቻት፣ ወደ ማዕከላዊው የሥነ ጥበብ የሙከራ ወርክሾፕ። እዚያ ከሌሎች ባለሙያዎች ጋር ሠርታለች፣ የሸክላ ዕቃም ሞክራለች። ለእግሯም ቀዶ ሕክምና ተደረገላት፣ ራሷን ችላ መቆም የቻለችው ከዚያ በኋላ ነው። የሥነ ጥበብ አካዳሚ አልገባችም፣ ልክ ነው። ሥራዋን የማታውቅ አልነበረችም ግን። የ1930ዎቹን ሥራ ብታዪ አብዛኛው ነጭ ወረቀት ላይ ነው፣ በውሃ ቀለም፣ ዳራው ባዶ። በኋላ በ60ዎቹና በ70ዎቹ ጓሽ የሚባለውን ወፈር ያለ የውሃ ቀለም ያዘች። ያኔ ዳራው ሁሉ በአንድ ደማቅ ቀለም ተሞላ፤ ቢጫ፣ ቀይ፣ ሰማያዊ። ይህን አስባ ነው የለወጠችው። በነገራችን ላይ የሸራና የዘይት ቀለም ሠዓሊ አድርገው የሚጽፉም አሉ። ወረቀት ነው፤ ተራ ወረቀት። ለልጆችሽም ይህ ጥሩ ዜና ነው።

አንዱን ሥዕል ቀረብ ብለሽ እዪው። ገላው በጎን ነው የሚታየው፣ ፊቱ ግን ወደ አንቺ ዞሯል። ይህ አውሬው እያየሽ እንዲመስልሽ ያደርጋል። በገላው ላይ ነጥብ በነጥብ፣ ረድፍ በረድፍ፣ ልክ መርፌ ሲወጋ እንደሚሄድ ነው የተደረደረው። ጥልፍ የምታውቅ እጅ ናት። እኔ አንዱን ለመገልበጥ ሞክሬ ነጥቦቹ ላይ ብቻ ሙሉ ከሰዓት ፈጀሁ፣ አሁንም እንደሷ አልተስተካከለልኝም። እና "እንደ ሕፃን ነው የምትስለው" የሚል ሰው ብሩሽ ይያዝና ይሞክረው።

እንስሶቹ ከተረት አልመጡም። ከልጅነቷ የሰማችው ተረት፣ ያየችው ያጌጠ የፋሲካ እንቁላልና ጥልፍ በውስጧ እንዳለ ግልጽ ነው። አውሬዎቹን ግን የፈጠረቻቸው ራሷ ናት፣ ስማቸውንም ጭምር። በ1977 የሣለችው "የዱር ቻፕሉን" የሚባል አለ። ቻፕሉን የሚባል እንስሳ የለም። በ1978 "የበቆሎ ፈረስ በጠፈር" ብላ ሥላለች። ስለዚህ "ምን የሚባል አውሬ ነው?" ሲሉሽ መልሱ "ማሪያ ያወጣችለት ስም ይሄ ነው" ነው።

ዳጊ፦

ፔትሪኪቭካ የሚባለው ነው አይደል የእሷ ስታይል? ዩኔስኮ የመዘገበው፣ ቀጭን ቅጠልና ቀይ ፍሬ ያለው። የዩክሬን ሲባል ሁሌ እሱን ነው የማየው።

ብሩሽና ወረቀት፦

አይደለም ዳጊ፣ ግን ብዙ ሰው ያደባልቀዋል። ፔትሪኪቭካ የአንድ መንደር ስም ነው፣ በድኒፕሮ በኩል፣ ከማሪያ አገር ሩቅ። በ2013 ዩኔስኮ የመዘገበው እሱን ነው። የጋራ ባህል ነው፣ ከእናት ለልጅ የሚተላለፍ፣ የራሱ የብሩሽ አጣጣል ያለው፣ አበባና ቅጠል የሚበዛበት። ማሪያ የፖሊስያ ሴት ናት፣ በሰሜን ያለው የጫካና የረግረግ አገር። መንደሯም ስሙን ያገኘው ከረግረግ ነው። የእሷ አሣሣል የማንም መንደር ባህል አይደለም፣ የራሷ ነው። ከእሷ በኋላ የሄዱበት ልጇ ፌዲር እና የልጅ ልጆቿ ናቸው።

ሜሮን ዲሲ፦

እኔ ደግሞ አንድ ነገር ልበል፣ እስካሁን አልተነሳም። ሥዕሎቿ በጣም ስለሚያምሩ ሰው ሁሉ "ደስተኛዋ አያት" አድርጎ ነው የሚያወራት። የልጆች ክፍል ግድግዳ ላይ የሚለጠፍ ነገር ብቻ አድርገዋታል። የልጆች መጽሐፍ ሥዕል ሠርታለች፣ እሱ እውነት ነው። ሕይወቷ ግን እንደዚያ አልነበረም። የልጇ አባት ቫሲል ወደ ጦርነት ሄዶ አልተመለሰም። ልጁ በ1941 ነው የተወለደው። እሷም መንደር ተመልሳ በኅብረት እርሻ እየሠራች ብቻዋን አሳደገችው፣ ለረጅም ዓመታትም ሥዕሉ ቆሞ ነበር ማለት ይቻላል። ከዚያ በ50 ዓመቷ ገደማ እንደገና ተነሣች። ያ 1966 ላይ የተሸለመችበት ሥራ "ለሰዎች ደስታ" ይባላል። የልጇን አባት ጦርነት የወሰደባት ሴት ናት ይህን ስም ያወጣችው። እዚህ ላይ ሁሌ ቆም እላለሁ።

በ1978 የሠራችው አንድ ሥዕል ደግሞ ርዕሱ "ያ የኑክሌር ጦርነት የተረገመ ይሁን!" ነው። በ1982 "እርግብ ክንፏን ዘርግታ ሰላም ትለምናለች" የሚል አለ። የቼርኖቤል የኑክሌር ኃይል ማመንጫ በ1986 ሲፈነዳ መንደሯ ከጣቢያው ሩቅ አልነበረም፣ የቼርኖቤል ሥዕሎችንም ሠርታለች። "በአራተኛው ብሎክ አጠገብ አበቦች በቀሉ" የሚለው የ1990 ሥራ ነው፤ አራተኛው ብሎክ ማለት የፈነዳው ክፍል ነው። ይህ ሥዕል በ2022 በበጎ አድራጎት ጨረታ 500,000 ዶላር ተሸጦ ገንዘቡ ለዩክሬን ሠራዊት ድጋፍ ዋለ። እና ስለ ጦርነት የማታውቅ የዋህ አሮጊት አልነበረችም።

በተቃራኒው የሚያከርሩም አሉ። በ1936 የሣለቻቸው አውሬዎች ሁሉ የ1932 እና 33ቱ ረሃብ ምሥጢራዊ ምልክት ናቸው ይላሉ። የኪየቭ አካባቢ በረሃቡ ክፉኛ መጎዳቱ እውነት ነው፣ እሷም እዚያው ነበረች። ግን እያንዳንዱን ጥርስ እንደ ኮድ መፍታት ለእኔ ልክ አይመስለኝም። አንዳንዱ አውሬ የእውነት ያስፈራል። አንዳንዱ ደግሞ ጫካ ሊንሸራሸር የወጣ ወይፈን ነው፣ በቃ።

የድሮው ኪየቭ፦

ሜሮን፣ እግዜር ይስጥልኝ። ያን የእርግብ ሥዕል ርዕስ ሳነበው ጊዜዬን አስታወሰኝ። በእነዚያ ዓመታት ኪየቭ ውስጥ "ሰላም" የሚል ቃል በየግድግዳው፣ በየሰልፉ ነበር፣ ሰው ለምዶት አያነበውም። እሷ ግን ወፍ አድርጋ ስታመጣው ትቆሚያለሽ።

ለጠያቂዋ አንድ ነገር ልጨምር። ርዕሶቹን አትዝለያቸው፣ ተርጉመሽ ንገሪያቸው። ከወረቀቱ ጀርባ ነው የምትጽፋቸው፣ ረጃጅም ናቸው፣ እንደ ተረትና ምሳሌ የሚዜሙ። ሙዚየሙ ውስጥ የነበሩት አስጎብኚ ሥዕሉን ካሳዩን በኋላ የጀርባውን ጽሑፍ ያነቡልን ነበር። አንድ ሙሉ ክፍል ሩስኪ የማይሰማ አረብና ቬትናማዊ ተማሪ ሁሉ በድምፁ ብቻ ፈገግ ይል ነበር። ደግሞም ማሪያ የመንደሯን ልጆች ቤቷ እየሰበሰበች ሥዕል ታስተምር ነበር። የአንቺ ቅዳሜ ከእሷ ቤት ብዙም አይርቅም።

ናቲ ከአዳማ፦

ብሩሽና ወረቀት፣ ገብቶኛል። እኔም ያጋራሁት ፖስት ስር ገብቼ የእሳቱንና የፒካሶውን አስተካክዬ ጽፌአለሁ። ሁለት ሰው ተቆጣኝ፣ አንዱ አመሰገነኝ።

የቅዳሜ ቀለም፦

ይቅርታ፣ ሳልመልስ ቆየሁ። ቅዳሜ አለፈ። ጋሼ፣ ሁላችሁም፣ አመሰግናለሁ፣ ከልቤ ነው።

ፒካሶን አላነሳሁትም። እሳቱን ነገርኳቸው፣ ግን እንደነገራችሁኝ፤ ሙዚየሙ እንደነደደና ሰው ገብቶ ሥዕሎቹን እንዳወጣ። አንዱ ልጅ "ስሙ ማን ይባላል?" ብሎ ያወጣውን ሰው ጠየቀኝ። ስለ ሠዓሊዋ ሳይሆን ስለ እሱ። የሰማያዊውን ጭቃ ታሪክ ስነግራቸው ደግሞ ሦስቱ ግቢው ውስጥ ጭቃ ፍለጋ ወጡ፣ መልሼ ማስገባቱ ጊዜ ፈጀብኝ።

ከዚያ ቻፕሉንን አሳየኋቸው። "ምን ይበላል?" አሉኝ። እናንተ ምን ይበላ ይመስላችኋል አልኳቸው፣ ሃያ ደቂቃ ክርክር ሆነ። ወረቀት ሰጥቼ የራሳችሁን አውሬ ፍጠሩ፣ ስሙንም ከጀርባ ጻፉ፣ አጭር ስም አልቀበልም አልኳቸው። ገላው በጎን፣ ፊቱ ወደ እኛ የሚለውንም ነገርኳቸው፣ ወዲያው ነው የገባቸው። ነጥቡ ላይ እንደፈራሁት ብዙዎቹ ሰለቹ። አንዲት የ9 ዓመት ልጅ ግን ሌሎቹ ሄደው ወላጆቿ በር ላይ ቆመው ሳለ እንኳን ቀና አላለችም፣ ነጥብ እያደረገች ነበር። የእሷ አውሬ አረንጓዴ ነው፣ ስድስት እግር አለው፣ ጆሮው ከገላው ይበልጣል። ገልብጬ ከጀርባ ያለውን አነበብኩት፦ "ጎንጉል ዝናብ ሲመጣ ጆሮውን ዘርግቶ ዶሮዎቹን ያስጠልላል፣ እሱ ግን ይረጥባል።"

ጎንጉል ምንድን ነው ብላት "እኔ ነኝ ያወጣሁለት" አለችኝ።